የቦኩ ምግቦች በሐረርና በድሬዳዋ ገበታ፦ ከስኳር በሽታ አንጻር

በሐረርና በድሬዳዋ ቤቶች በእርሾ ቦክተው የሚጋገሩ ዋና ዋና ምግቦች የማሽላ እንጀራ፣ የጤፍ እንጀራና ላሆህ የሚባለው ከቀጭን ሊጥ የሚጋገር እንጀራ መሰል ቂጣ ናቸው። ስኳር በሽታ የተገኘበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «እንጀራ ልተው?» ብሎ ነው። መልሱ በእህሉ፣ በአቦካኩና ከእንጀራው ጋር በሚበላው ነገር ይወሰናል።

ስለ ጥንቱ ገበታ የተጻፈው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን፣ በኮመጠጠ ወተት የራሰና በርበሬ በብዛት የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣ እንደቀረበለት ጽፏል። የቂጣው ሊጥ የቦካ ነበር ብሎ ለመደምደም ግን ይህ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ሩዝ፣ ፓስታና ነጭ የስንዴ ዱቄት ከማሽላው ጎን ቦታ ያዙ።

ማሽላ የሐረርጌ ኩራት ነው። ገበሬው ሙይራ፣ ፈንዲሻ እያለ የሚጠራቸውን ዝርያዎች በትውልድ ቅብብል ጠብቆ አቆይቷል። አንጋፋው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በቀድሞው የዓለማያ ኮሌጅ ዘመኑ የአገሪቱ የማሽላ ምርምር መነሻ ነበር። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣት እ.ኤ.አ. የ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት ከዚሁ ግቢ ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ጥበቡ ግን ጊዜን ማወቅ ነው። ዱቄቱ በውኃና ከቀደመው ሊጥ በተረፈው እርሾ ይቦካል። ላዩ ላይ የሚጠለው ቢጫማ ውኃ ይቀዳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውኃ አብሲት ይጣላል፤ ከዚያ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጠው የሐረር ቅዝቃዜ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። የድሬዳዋ እናቶች ሊጡን የሚከታተሉት ቀን ቆጥረው ሳይሆን ጠረኑን እያሸተቱ ነው።

በሊጡ ውስጥ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችና ዩስት የሚባሉ ጥቃቅን ፈንገሶች ስኳሩን ይበላሉ፤ ባክቴሪያዎቹም አሲድ ያመርታሉ። አሲዱ የስታርች፣ ማለትም ሲፈጭ ወደ ስኳር የሚለወጠውን የእህል ክፍል፣ መፈጨትን ያዘገያል፤ የምግብን ከጨጓራ መውጣትም ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ የደም ስኳር ማሻቀብ ሊለዝብ ይችላል። መቦካቱ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴትም ይቀንሳል። የማሽላ ስታርች ደግሞ በፕሮቲን ተከቦ ስለሚገኝ በባሕርዩ ዝግ ብሎ ይፈጫል። አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት፦ ምጣድ ላይ ባክቴሪያው ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ36 ጤናማ ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የቦኩ ምግቦች የአንጀት ባክቴሪያን ዓይነት እንደሚያበዙና የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክቶችን እንደሚቀንሱ ታይቷል። የተሞከሩት ግን እንደ እርጎና ኪምቺ (የኮሪያዎች የቦካ ጎመን) ያሉ ምግቦች ስለሆኑ ውጤቱ ለእንጀራ እንዳለ አይወሰድም። የጤፍ እንጀራ የግላይሴሚክ መጠንም፣ ማለትም ምግቡ የደም ስኳርን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርግ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከጥናት ጥናት ይለያያል፤ ከ55 በታች ዝቅተኛ፣ ከ70 ጀምሮ ከፍተኛ በሚባልበት መለኪያ አንዱ ጥናት ከታች፣ ሌላው ከላይ ያስቀምጠዋል። የማሽላው እንጀራ፣ በተለይ ዱቄቱ ካልተነፋ፣ ከነጭ ዳቦ እንደሚሻል ይህ ጸሐፊ አይጠራጠርም።

የላሆህ ነገር ይለያል። ሊጡ ቀጠን ብሎ ያድራል፤ ጠዋት በጭልፋ ከምጣዱ መሐል ጀምሮ እየተዞረ ይነጠፋል፤ ዓይን ያወጣና ሳይገለበጥ ይነሣል። አሁን አሁን የሚጋገረው አብዛኛውን ጊዜ ከነጭ ዱቄት ነው። በላዩ ማር ወይም ስኳር ከፈሰሰበትና ጣፋጭ ሻይ ከተከተለው የመቦካቱን ጥቅም ያጠፋዋል። ከሰዓት በኋላ በጫት ላይ የሚጠጣው ለስላሳ መጠጥም ያው ነው።

ከማሽላ የሚጠመቀው ፋርሶ አልኮል ስላለው ለስኳር ሕሙማን አይመከርም።

በመጨረሻ ሁልበት አለ። የሐረሪዎች ሁልበት መረቅ የአብሽ ምግብ ነው። የአብሹ ዱቄት ይዘፈዘፋል፤ መራራው ውኃ ይደፋል፤ ከዚያ ነጭ አረፋ እስኪሆን በእጅ ይመታል። ከሥጋ መረቅ ጋር በላሆህ ወይም በእንጀራ ላይ ይቀርባል። አብሽ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ክብደቱ አሰር ሲሆን፣ ውኃ ሲነካው የሚዝለገለገው ክፍሉ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል። በርካታ ትንንሽ ጥናቶችም የጾም ስኳርን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በዚህም ምክንያት ኢንሱሊን ወይም ክኒን የሚወስድ ሰው አብሽን በየቀኑ በብዛት መውሰድ ከመጀመሩ በፊት፣ በሐረር ሕይወት ፋና ወይም በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል ለሚከታተለው ሐኪም መንገር ይኖርበታል፤ መድኃኒቱና አብሹ ተደራርበው ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊያወርዱት ይችላሉ።