ቅዳሜና እሁድን በባቡር ወደ አልፕስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በስዊዘርላንድ ከበርን በባቡር ኢንተርላከን ኦስት (የኢንተርላከን ምሥራቅ ጣቢያ) ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከዙሪክ ደግሞ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ጠዋት ከከተማ የተነሳ ሰው ምሳውን በአይገር ተራራ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላል። ባቡሩ በደቂቃ ተቆጥሮ ስለሚሄድ ግን ብዙ ሰው ተራራውም እንደዚያው የሚታዘዝ ይመስለዋል። እዚህ የሰበሰብናቸው አባባሎች በኢንተርላከን፣ በላውተርብሩነን፣ በቬንገንና በግሪንደልቫልድ አካባቢ ቅዳሜና እሁዳቸውን ሊያሳልፉ ከሚሄዱ ሰዎች ደጋግመው የሚሰሙ ናቸው። ሰዓቶቹን ሁሉ የጻፍነው በጣቢያው ሰሌዳ ላይ እንዳለው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በሐበሻ ሰዓት አስልቶ ባቡር ያመለጠው ሰው ጥቂት አይደለም።

«መቀመጫ ካልተያዘ ባቡር ላይ ቦታ የለም»

ለመደበኛው የስዊዘርላንድ የአገር ውስጥ ባቡር መቀመጫ ማስያዝ አያስፈልግም። ማስያዝ ግዴታ የሚሆነው እንደ ግላሲየር ኤክስፕረስ ባሉ የጎብኚ ባቡሮች ላይ ነው። በአይገር አካባቢ ካሉት ተራሮች ላይ ወዳለው ከፍተኛ ጣቢያ፣ ወደ ዩንግፍራውዮክ፣ በሚወጣው የመጨረሻው መስመርም በሰመር ግፊያ ጊዜ ሊጠየቅ ስለሚችል ቲኬቱን ስትገዙ ተመልከቱ። ብስክሌት ከያዛችሁ የራሱ ቲኬት አለው፤ ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ በኢንተርሲቲ ባቡሮች ላይ ቦታውን አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል።

ቸል የማይባለው ቲኬቱ ነው። ባቡሩ ውስጥ አይሸጥም። ባቡሩ ከተነሳ በኋላ በስልክ የተገዛ ቲኬትም እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ተቆጣጣሪው ከመጣ በኋላ «አሁን ልገዛ ነበር» ማለት ከቅጣት አያድንም። በኤስቢቢ (የስዊዘርላንድ ፌዴራል ባቡር) መተግበሪያ ላይ ያለው «ኢዚራይድ» ስትሳፈሩ ተከፍቶ ስትወርዱ የሚዘጋ ነው፤ እሱንም መክፈት ያለባችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ነው።

«አንዴ ከተሳፈሩ በኋላ ቁጭ ብሎ መሄድ ነው»

ይህ በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ከኢንተርላከን ኦስት የሚነሳው ባቡር ጽቫይሉቺነን በምትባል ትንሽ ጣቢያ ሁለት ቦታ ይቆረጣል። ግማሹ ወደ ላውተርብሩነን፣ ግማሹ ወደ ግሪንደልቫልድ ይሄዳል። ስለዚህ ባዶ ወንበር ያለበትን ፉርጎ ሳይሆን መድረሻችሁ የተጻፈበትን ፈልጉ፤ በመድረኩ ሰሌዳና በፉርጎው ላይ ይታያል። ተሳስታችሁ ከሆነ ጽቫይሉቺነን ላይ ወርዳችሁ ወደ ትክክለኛው ክፍል ለመሄድ ጥቂት ደቂቃ አለ፤ ቡድን ከሆናችሁ ግን ሁሉም አንድ ላይ መሆኑን ከመነሻው አረጋግጡ።

ከላውተርብሩነን በላይ ደግሞ ባቡር መቀየር የግድ ነው፤ ምክንያቱ የሐዲዱ ስፋት ነው። ከኢንተርላከን የሚመጣው መስመር 1 ሜትር ሲሆን ወደ ቬንገንና ክላይነ ሻይዴክ የሚወጣው የቬንገርንአልፕ ባቡር ሐዲድ 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ መሀሉ ላይ ባለው ጥርስ እየነከሰ ዳገቱን ይወጣል። ክላይነ ሻይዴክ (2,061 ሜትር) ላይ እንደገና ይቀየርና ወደ ዩንግፍራውዮክ (3,454 ሜትር) የሚወጣው፣ በ1912 ተመርቆ የተከፈተው የዩንግፍራው ባቡር ይያዛል። ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው የዚህ መስመር አብዛኛው ክፍል በአይገርና በሞንሽ ተራሮች ሆድ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ያልፋል። (1 ሜትር ስፋት ላለው ሐዲድ እኛም እንግዳ አይደለንም፤ የቀድሞው የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር ስፋት ይኸው ነበር። የመስመሩን ፈቃድ በ1894 ከአጼ ምኒልክ የተቀበለው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ስዊዘርላንዳዊ ነው።)

ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ ደግሞ ባቡሩ ካልተጠየቀ አይቆምም። ውስጥ ሆናችሁ ቁልፉን ተጫኑ፤ ውጭ ከሆናችሁም መድረኩ ላይ ያለውን ተጫኑ። ቆማችሁ ብትጠብቁት አልፏችሁ ይሄዳል።

«ፓስ ካለን እስከ ጫፍ ነጻ ነው»

አይደለም። የስዊስ ትራቭል ፓስ (ለጎብኚዎች የሚሸጥ የጉዞ ካርድ) እስከ ቬንገን፣ ሙረንና ግሪንደልቫልድ ያደርሳል፤ ከዚያ በላይ ወደ ዩንግፍራውዮክ ቅናሽ እንጂ ነጻ ጉዞ አይሰጥም። ኢንተርሬይል ወይም ዩሬይል የሚባሉትን የአውሮፓ ባቡር ፓሶች የያዘ ሰው ቅናሹን መጠየቅ የሚጀምረው ከዚያም በፊት፣ ከኢንተርላከን ኦስት ነው። እዚያው አገር ለሚኖር ሰው ቅናሽ የሚያስገኘው ሃልብታክስ የሚባለው ካርድ ሲሆን ወደ ዩንግፍራውዮክም ዋጋውን በግማሽ ይቆርጣል። ቀኑን አስቀድሞ ለቆረጠ ሰው ደግሞ ሽፓርታገስካርተ የሚባል የአንድ ቀን ካርድ አለ፤ ሽያጩ የሚጀምረው ከ6 ወር በፊት ሲሆን ቀኑ በቀረበ ቁጥር ይወደዳል።

በእኛ አስተያየት የዩንግፍራውዮክን ቲኬት ከሳምንት በፊት መግዛት ገንዘብን ደመና ላይ መበተን ነው። ዕለቱን ጠዋት የጫፉን ካሜራ በስልክ እዩ፤ ነጭ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙና ዝቅ ብላችሁ በእግር ሂዱ። ከሜንሊሸን (2,225 ሜትር) እስከ ክላይነ ሻይዴክ ያለው የአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መንገድ ቁልቁለቱ ለስላሳ፣ ለልጆችም የሚሆን ነው፤ ሦስቱም ተራሮች፣ አይገር፣ ሞንሽና ዩንግፍራው ፊት ለፊት ይታያሉ።

«ምልክቱ 2 ሰዓት ካለ በ2 ሰዓት እንደርሳለን»

በቢጫው የመንገድ ምልክት ላይ የተጻፈው ሰዓት የእግር ብቻ ነው። ዕረፍት፣ ምሳ፣ ፎቶና የልጅ ጫማ ማሰር አልተቆጠሩም። ስሌቱ የሚነሳው በሜዳ ላይ በሰዓት 4.2 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ ሰው ነው፤ ዳገትና ቁልቁለት ይታሰቡበታል፣ የእናንተ ጉልበት ግን አይታሰብበትም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምልክቶች መለኪያ አድርጉ፤ «40 ደቂቃ» የተባለውን በ55 ደቂቃ ከሄዳችሁ የቀረውንም በዚያው ልክ አስፉት። ዕረፍቱን ከዚያ በላይ ጨምሩ።

ከሰዓቱ ይልቅ ቀለሙን እወቁ። ቢጫ ብቻ ከሆነ ልዩ ችሎታ የማይጠይቅ የእግር መንገድ ነው። ነጭ-ቀይ-ነጭ የተራራ መንገድ ነው፤ ጠባብ፣ ቁልቁል፣ አልፎ አልፎ ገደል አጠገብ የሚያልፍ በመሆኑ ሶሉ የሚይዝ ጫማና የማይዞር ራስ ይፈልጋል። ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ደግሞ እጅ የሚጠቀሙበት፣ የበረዶ ግግር ሊያቋርጥ የሚችል መንገድ ስለሆነ ያለ ልምድና ያለ መሣሪያ አይገባበትም። ከአይገርግሌቸር ጣቢያ ወደ አልፒግለን የሚወርደው ታዋቂው የአይገር መንገድ ነጭ-ቀይ-ነጭ ነው፤ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 700 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለው። «ቁልቁለት ስለሆነ ቀላል ነው» የሚሉት ማታ ጉልበታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ዱላ ከያዛችሁ ሲወርዱ ከወገባችሁ ትንሽ ከፍ እንዲል አርዝሙት፤ እርምጃችሁንም አሳጥሩ።

«ሐበሻ ነን፣ ከፍታ አይበግረንም»

ግማሽ እውነት አለው። ከአዲስ አበባ (2,355 ሜትር ገደማ) ትናንት የመጣ ሰው ሰውነቱ ከፍታን ለምዷል። ይሁንና ልምዱ ዝቅ ያለ አገር ላይ በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ ሚላኖ ወይም ፍራንክፈርት ዓመታት የኖረ ሰው ከጎረቤቱ ጀርመናዊ ብዙም አይለይም። ዩንግፍራውዮክ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው፤ ባቡሩና ኬብል ካሩ (በብረት ገመድ ተንጠልጥሎ የሚሄደው) ደግሞ ሰውነት ሳይዘጋጅ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እዚያ ያደርሱታል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር መዛል ከተሰማችሁ ደረጃውን አትሩጡ፤ ውኃ ጠጡ፣ አልኮል ተዉ። ካልተሻላችሁ በሚቀጥለው ባቡር ውረዱ፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን የያዘች እናት ከመሄዳቸው በፊት ሐኪም ይጠይቁ። ከጣቢያው በበረዶው ላይ ወደ ሞንሽስዮክሂተ (3,657 ሜትር) የሚወስደው የተጠረገ መንገድ ለጤነኛ ሰው አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ከተከለለው ግን አንድ እርምጃም አትውጡ። በረዶው ሥር ጥልቅ ስንጥቆች አሉ፤ ከላይ አይታዩም።

«ኢንተርላከን ላይ ከሞቀ ላይም ይሞቃል»

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ኢንተርላከን 567 ሜትር ላይ ናት፤ እስከ ዩንግፍራውዮክ 2,887 ሜትር ልዩነት አለ፤ ስለዚህ ታች 25 ዲግሪ ሲሆን ላይ 6 ወይም 8 ዲግሪ ነው፣ ነፋሱ ሳይቆጠር። ጁላይም ቢሆን ሹራብ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ስስ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽርና ክሬም ይያዙ። በረዶ ፀሐዩን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል፤ ዓይን ደግሞ ከቆዳ ይብሳል።

በሰመር ነጎድጓድ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ረጅሙን መንገድ ጠዋት ጨርሱ፤ 14:00 ላይ ከሸንተረር እንድትወርዱ አስቡ። መብረቅ ከደረሰባችሁ ከጫፍ፣ ለብቻው ከቆመ ዛፍና መንገዱ ላይ ከታሰረው የብረት ገመድ ራቁ፤ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ።

ጁን ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ የበረዶ ቅሪት ያጋጥማል። ቀላል መንገድ የሚያቋርጥ ጥቂት ሜትር በረዶ ጠዋት እንደ መስታወት ሊያዳልጥ ስለሚችል ከሥሩ ገደል ካለ ተመለሱ። መንገዱ መከፈቱን ጣቢያው ላይ ወይም የአካባቢው የቱሪስት ቢሮ ጠይቁ።

«የተራራ ማረፊያ ቤት ሆቴል ነው፣ ማታ ሄዶ ማንኳኳት ነው»

የስዊስ አልፓይን ክለብ 150 ገደማ የሚሆኑ ማረፊያ ቤቶች አሉት፤ ከላውተርብሩነን ሸለቆ በላይ ያለው ትንሹ ሎብሆርንሂተ ለጀማሪ ይመቻል። ቦታ ሳይያዝ በቅዳሜ ምሽት መድረስ ወለል ላይ ያስተኛል። መቅረትም አለ፦ ቦታ ይዛችሁ የማትሄዱ ከሆነ ደውላችሁ ሰርዙ፤ አለዚያ ጠባቂው አደጋ ደርሶባችኋል ብሎ ፍለጋ ሊያስነሳ ይችላል፤ ዋጋውም ይጠየቃል።

እራት ብዙውን ጊዜ 18:30 ገደማ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ ሥጋ የማይበላ ወይም ጾመኛ ካለ ሲይዙ መናገር ነው እንጂ ማዕድ ላይ አይደለም። ብርድ ልብሱ የቤቱ ስለሆነ የራሳችሁን ስስ የመኝታ ከረጢት መያዝ ግዴታ ነው። ጫማ መግቢያው ላይ ይቀመጣል፣ ነጠላ ጫማ ይሰጣችኋል። 22:00 ላይ ፀጥታ ነው። በአንዳንዱ ቤት የቧንቧው ውኃ ስለማይጠጣ ይሸጣል፤ ካርድ የማይሠራበትም ስላለ ጥሬ ፍራንክ ያዙ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ፤ ወደ ላይ የወጣ ነገር ሁሉ የወጣው በሄሊኮፕተር ወይም በሰው ጀርባ ነው።

«ስንቅ እሁድ እንገዛለን»

እሁድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚከፈቱት በትላልቅ ጣቢያዎች ያሉትና አንዳንድ የቱሪስት መንደር ሱቆች ናቸው። ቅዳሜ ይግዙ። ውኃ ግን መግዛት አያስፈልግም፤ «ካይን ትሪንክቫሰር» (ለመጠጥ አይሆንም) የሚል ካልተጻፈበት የመንደሩ ምንጭ ይጠጣል።

«ላም ላም ነች»

ጥጃ ያላት ላም ትወጋለች። መንገዱ በመስክ መሀል ካለፈ ዞር ብላችሁ ሂዱ፣ ጥጃውን አትዳስሱ፣ ውሻ ካላችሁ እሰሩት፤ ላሟ ውሻውን ከተከተለች ግን ልቀቁት። የከፈታችሁትን በር ዝጉ።

«ከተጎዳን ሄሊኮፕተር በነጻ ይመጣል»

ይመጣል፤ ሂሳቡም ይመጣል፣ በሺዎች ፍራንክ። እዚያው አገር በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት ለአንድ ቀጣሪ የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስ አደጋ ኢንሹራንስ አለው፤ ሌላው የራሱን ይመልከት። ሬጋ የሚባለው የሄሊኮፕተር ድርጅት በዓመት ከ40 ፍራንክ ጀምሮ ደጋፊ ለሚሆኑ ሰዎች ሌላ ከፋይ ከሌለ ወጪውን ሊተው ይችላል። ከውጭ ከመጣችሁ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ የተራራ ፍለጋና ማዳን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አረጋግጡ።

የሬጋ ቁጥር 1414 ነው፤ አምቡላንስ 144፣ የአውሮፓው 112ም ይሠራል። የሬጋ መተግበሪያ ያላችሁበትን ቦታ አብሮ ስለሚልክ ከመነሳታችሁ በፊት ጫኑት። ስልክ ካልሠራ በደቂቃ 6 ጊዜ በፉጨት ወይም በባትሪ ምልክት ስጡ፣ አንድ ደቂቃ ዕረፉ፣ ድገሙ። ሄሊኮፕተሩ ሲያዩ ሁለት እጅ ወደ ላይ ማንሳት «አዎ፣ እርዱን» ማለት ነው፤ አንድ ወደ ላይ አንድ ወደ ታች ደግሞ «አያስፈልግም»። ለሰላምታ ሁለት እጁን ያወዛወዘ ሰው ሳያስበው ይጠራቸዋል።

«ሲደክመን በኬብል ካር እንወርዳለን»

ብዙ የተራራ ኬብል ካሮች በሰመርም ቢሆን በጊዜ፣ አንዳንዶቹ 17:00 ገደማ ላይ ያቆማሉ፤ በነፋስ ቀን ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቆሙ ይችላሉ። በኤፕሪልና በኖቬምበር ደግሞ ለጥገና ሳምንታት የሚዘጉ አሉ። ስለዚህ ዕቅዱን ከኋላ ጀምሩ፦ መጀመሪያ የመጨረሻውን መውረጃ ሰዓት ጻፉ፣ ከእሱ አንድ ሰዓት ቀንሱ፣ ከዚያ የምልክቱን ሰዓትና ዕረፍታችሁን ቀንሱ፤ የቀረው የመነሻ ሰዓታችሁ ነው። ያ ሰዓት ካለፈ ሌላ አጭር መንገድ ምረጡ። እሁድ ከሰዓት ከላውተርብሩነን የሚነሱት ባቡሮች ስለሚጨናነቁም ሻንጣ ያለው ሰው ከ16:00 በፊት ቢወርድ ይሻለዋል።