ባልየው ጥሎት የሄደው ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በ2ኛ ነገሥት 4፥1-7 የምናገኛትን መበለት ሁላችንም እናውቃታለን። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው የዘይቱ ተአምር ነው። እኔ ዛሬ ስለ ዕዳው ላውራ።

ሟቹ ባሏ ከነቢያት ወገን ነበር። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው እንደነበር ራሷ ለነቢዩ ኤልሳዕ መስክራለች። እንዲያም ሆኖ ዕዳ ጥሎባት ሞተ። ባለ ገንዘቡ ሁለት ልጆቿን ባሪያ አድርጎ ሊወስድ መጣ። ለምን እንደተበደረ አልተጻፈም። ስለዚህ ዕዳ ያለበትን ሁሉ «አባካኝ ነው» ብለን አንፍረድ። ሕመምም የቤት ኪራይም ያስበድራል።

ኤልሳዕ ብር አውጥቶ አልሰጣትም። «በቤትሽ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት እንጂ። ብዙዎቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ የለንም። ደሞዛችንን እናውቃለን። የሱቁ ዱቤ፣ ከጓደኛ የወሰድነው፣ በስልክ የተበደርነው አንድ ላይ ሲደመር ስንት እንደሚሆን ግን አናውቅም። የባሰው ደግሞ ባልና ሚስት የሚደባበቁት ብድር ነው። በቁርባን አንድ ሆነን በብድር ለየብቻ!

መበለቲቱ ያላት አንድ ማሰሮ ዘይት ብቻ ነበር። ኤልሳዕም ከጎረቤት ባዶ ማድጋ ተውሳ፣ በሩን በራሷና በልጆቿ ላይ ዘግታ፣ ዘይቱን እንድትቀዳበት ነገራት። ማድጋውን እያቀረቡ ያገዟት ልጆቿ ናቸው። የቤታቸውን ችግር ያውቁ ነበር ማለት ነው። እኛ ልጆች ስለ ገንዘብ ሲሰሙ ነውር ይመስለናል። ዕድሜያቸው በሚፈቅደው ልክ ይስሙ። «ዘንድሮ አዲስ ጫማ የለም» ማለት ልጅን አይገድልም።

የእኛን ቤት የሚያናጋው ደግሞ ድንገተኛ ወጪ ብቻ አይደለም። መስከረም ሲጠባ የእንቁጣጣሽ ዶሮ አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ 17 ላይ መስቀል ይከተላል። በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱም እንደ አዲስ እንደነግጣለን። ይህ ሁሉ ለምሳሌ 22,000 ብር ይፈጃል እንበል። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ 11 ወር ነው። በየወሩ 2,000 ብር ማስቀመጥ ይበቃል። 2,000 ከሌለ ደግሞ ድግሱ ይነስ።

ዕቁብ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ዕጣው መጀመሪያ ላይ ሲወጣልን እጃችን የገባው የሌሎች ብር ነው። እስከ መጨረሻው ዙር እየከፈልን የምንመልሰው ዕዳ ነው። ያንን ብር ለሠርግ ጭፈራ በትኖ ቀሪውን ወራት በዱቤ መብላት ምን ይባላል?

ስለ ድግስ ካነሳን አይቀር፣ ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን ለፋሲካ በግ እንበደራለን። ተዝካርም እንዲሁ ነው። ለሟች ነፍስ ጸሎትና ምጽዋት ይደረግ፤ ከአቅም በላይ ድንኳን መጣሉ ግን ለሟች ሳይሆን ለ«ሰው ምን ይለኛል» ነው።

ዘይቱ ማድጋዎቹን ሁሉ ከሞላ በኋላ ነቢዩ የሰጣትን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፦ ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ ከተረፈው አንቺና ልጆችሽ ኑሩ። ዕዳው ቀደመ። እኛ ከበላን፣ ከለበስንና ካስደሰትን በኋላ የተረፈችውን ነው ለአበዳሪ የምንወረውረው። አንዳንዴም ስልኩን አናነሳለትም። እሱም እኮ ቤተሰብ አለው። ሙሉውን መክፈል ካልቻላችሁ ቀጠሮው ሳይደርስ ራሳችሁ ደውሉ። ያላችሁን ያህል ስጡ፤ የቀረውን መቼ እንደምትጨርሱ ንገሩት።