በረሃው ባዶ ነው ያለው ማነው?

የምኖረው አቃቂ ነው። የሰፈራችን ወንድ ግማሹ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ወይም ረዳት ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። እሁድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ወሬው መተሐራ፣ አዋሽ ሰባት፣ ገዋኔ፣ ሚሌ ነው። ጨዋታቸው ይጥማል። ስለ አውሬው የሚሉት ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ከአዋሽ ወዲያ ድንጋይና አቧራ ብቻ ነው»

ተሳቢ እየጎተተ በስምንት ሰዓት ፀሐይ ለሚያልፍ ሰው እንዲያ ቢመስለው አይገርምም። በዚያ ሰዓት አብዛኛው እንስሳ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ብቻ ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ አለ።

ሳላን፣ ያንን ትልቅ የበረሃ አጋዘን፣ ያየሁት በማለዳ ነው። ፊቱ ነጭና ጥቁር፣ ቀንዶቹ እንደ ጦር ቀጥ ያሉ። ወደ ጎን ሲዞር ሁለቱ ቀንዶች ተደራርበው አንድ ይመስላሉ። ሙቀት ሲበረታ ቶሎ አያልበውም፤ ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲግል ይችለዋል። ያንን ሙቀት ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያስወጣዋል። ላብ ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ እዚያ አይባክንም።

«የዱር አህያ ማለት የሜዳ አህያ ነው»

ይህ የጎረቤቴ ነው። ሠላሳ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው። «የዱር አህያ አይቻለሁ፣ መላ ሰውነቱ ዥንጉርጉር ነው» ይላሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያዩት የሜዳ አህያ ነው» አልኳቸው። ሊሆን ይችላል፤ ከአዋሽ አለፍ ብሎ ባለው የሀላይደጌ ሜዳ መስመሩ ቀጠን ያለ የሜዳ አህያ አለ።

የዱር አህያ ሌላ ነው። ገላው ግራጫ፣ ሆዱ ነጣ ያለ። መስመር ያለው እግሩ ላይ ብቻ ነው፣ ካልሲ ያደረገ ይመስላል። አቃቂ ገበያ ጭድ ተጭኖ የሚመጣው አህያችን የዘር ግንዱ ከዚህ ነው። በዱር የቀረው ግን ቢበዛ ጥቂት መቶ ነው፣ እሱም በአብዛኛው በአፋርና በኤርትራ በረሃ። ይታደናል፣ በግጦሽና በውሃ ከከብት ጋር ይሻማል፣ ከለማዳ አህያ ጋርም ይዳቀላል። ያንጉዲ ራሳ ፓርክ የተከለለው በተለይ ለእሱ ነበር። አሁን እዚያ ፓርክ ውስጥ የለም። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ስኒውን አስቀመጡ። «ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት?» አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው።

«ፓርክ ከሆነ ከብት ምን አገባው?»

አዋሽ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ከረዩ፣ ኢቱና አፋር ከዚያ በፊትም እዚያው ከብት ያሰማሩ ነበር። ስለዚህ አርብቶ አደሩን «ወራሪ» ማለት ይከብደኛል። ደግሞ የመኪና መንገዱም ፓርኩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ከብቱን የሚወቅሱት ሹፌሮች መሆናቸው ያስቃል።

«በረሃ ላይ የበቀለ ዛፍ ሁሉ በረከት ነው»

ፕሮሶፒስ የሚባለውን ዛፍ ጠይቁ። በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከውጭ መጣ። ከብት ፍሬውን በላ፣ ዘሩን በእበቱ በተነው። አሁን የአፋርን ግጦሽ ውጦታል፤ እሾሁ ጎማ ያፈነዳል። «እንግዲያው ከሰል ሆኖ ይለቅ» የሚሉ አሉ። ግን ከላይ ብቻ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በዚያ ላይ በራችን ድረስ የሚመጣው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ከሰል ፕሮሶፒስ ይሁን ግራር፣ እኔ በዓይኔ ለይቼ አላውቅም። ግራሩ ከሆነ የተቃጠለው የሳላ ጥላ ነው።

«የእኛ ቆሻሻ እነሱን አይነካም»

ባለፈው ክረምት ድልድዩ ላይ ቆሜ አንድ ቀይ ባሊ፣ የነጠላ ጫማ ቁራጭና ላስቲክ ሲወርድ አየሁ። የአቃቂ ወንዝ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ቆቃን አልፎ፣ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ በኩል ወርዶ የፓርኩ ደቡባዊ ድንበር ይሆናል። አዞዎቹ ያሉት እዚያ ነው። ባሊው ግድብ ላይ ሊቀር ይችላል፤ በውሃው የሟሟው ግን ይወርዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም። ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል።