ዙግዝዋንግ ምንድን ነው?

ቼዝ ላይ «ይለፈኝ» የሚባል ነገር የለም። ተራችሁ ከደረሰ የግዳችሁን አንድ ነገር ታንቀሳቅሳላችሁ። ብዙ ጊዜ ይሄ ጥቅም ነው። ዙግዝዋንግ ግን ነገሩ የሚገለበጥበት ቦታ ነው፤ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ምንም አትሆኑም፣ የነካችሁት ሁሉ ግን ያበላሻችኋል። ቃሉ ጀርመንኛ ሲሆን የመንቀሳቀስ ግዴታ ማለት ነው።

ሰሌዳ ካላችሁ ይህችን ደርድሩ። የነጭ ንጉሥ ዲ6፣ የነጭ ወታደር ኢ7፣ የጥቁር ንጉሥ ኢ8 (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል)። ሌላ ምንም የለም። ተራው የጥቁር ከሆነ መሄጃው ኤፍ7 ብቻ ነው። እዚያ ሲሄድ ነጭ ንጉሡን ዲ7 ላይ ያስቀምጣል፣ ወታደሩም ንግሥት ይሆናል። ተራው የነጭ ቢሆንስ? ወታደሩን ለመጠበቅ ኢ6 መሄድ አለበት። ያኔ ጥቁር ቼክ ሳይባል (ንጉሡ ሳይጠቃ) መሄጃ ያጣል፤ ጨዋታው አቻ ነው። ነጭ ሌላ ቦታ ከሄደ ደግሞ ወታደሩ ይበላል። እንግዲህ ያው አቀማመጥ ነው፤ የሚጎዳው ባለተራው ነው።

አንጋፋ ተጫዋቾች ሲገናኙ ይህን ጥበብ ማየት ደስ ይላል። ንግሥቶቹ ከተበላሉ በኋላ አንዱ የማያስቸኩል የወታደር እርምጃ ሳይጫወት ይቆጥባል። (እኔ ብሆን ገና ድሮ ገፍቼው ነበር።) ወታደር ወደኋላ ስለማይመለስ ያቺ እርምጃ አንዴ ከወጣች አለቀች። ሁለቱም ተፋጠው መላወሻ ሲያጡ ያወጣታል፤ መከራው ወደ ባላጋራው ይዞራል። በጨዋታ መጨረሻ ምዕራፍ፣ ማለትም ጥቂት ጓዝ ሲቀር፣ ባለው ችሎታ የሚታወቀው ቫሲሊ ስሚስሎቭ እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን የአንጋፋዎች የዓለም ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ዕድሜው 70 ነበር።

ሰሌዳው ሞልቶ ሳለ ዙግዝዋንግ ብርቅ ነው። የቼዝ ተጫዋቹ ኒምዞቪች ጥቁር ይዞ እ.ኤ.አ. በ1923 ኮፐንሃገን ላይ ባላጋራውን ዜሚሽን ያሸነፈበት ጨዋታ በዚህ ዝናን አትርፏል። ጥቁር ኤች6 ብሎ ትንሽ ወታደር ገፋ፤ ነጭ ብዙ ጓዝ እያለው እጁን ሰጠ። አንዳንዶች ግን ጥቁር ለማጥቃት የተዘጋጀ ዛቻም ስለነበረው ንጹሕ ዙግዝዋንግ አይደለም ይላሉ። እኔም ወደነሱ አደላለሁ።

ኮምፒውተሮችንም ያስቸግራል። የቼዝ ፕሮግራሞች ስሌታቸውን ለማፍጠን «ተራዬን ባሳልፍስ?» ብለው ይሞክራሉ። ተራውን ቢያሳልፍም ጥሩ ከሆነ፣ ቢጫወት ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው ብለው ስለሚያስቡ ነው። በዙግዝዋንግ ይሄ ግምት ይከሽፋል። ስለዚህ ንጉሥና ወታደር ብቻ ሲቀር ብዙዎቹ ዘዴውን ያጠፉታል።