በ«ሚዲቫል 2» ጌም ሞንጎሎችን ማሸነፍ

«ሚዲቫል 2፦ ቶታል ዋር» ክሪኤቲቭ አሴምብሊ የሠራው፣ ሴጋ በ2006 ያወጣው የኮምፒውተር ጌም ነው። ተጫዋቹ በካርታ ላይ መንግሥት ያስተዳድራል፤ ውጊያ ሲመጣ ጦሩን ራሱ ያዛል። ታሪኩ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1080 እስከ 1530 ይሄዳል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሞንጎሎች ከምሥራቅ ብቅ ይላሉ። ጉድ የሚፈላው ያን ጊዜ ነው።

ሲመጡ ከተማ የላቸውም፤ ያላቸው ጦር ብቻ ነው። አንድ ጦር ቢበዛ 20 የወታደር ክፍሎች ይይዛል። እነሱ ጢም ያሉ ጦሮችን ተራ በተራ ያሰልፋሉ። አዛዦቻቸው የተፈሩ ስለሆኑ ያንተ ወታደር ገና ሳይዋጋ ወኔው ይከዳዋል። ትልቁ ችግር ግን ፈረስ ላይ ሆነው የሚወጉት ቀስተኞች ናቸው። ጀማሪ ተጫዋች ከባድ ፈረሰኛውን ይዞ ዘራፍ ይላል። እነሱ ይሸሻሉ፤ እየሸሹም ይወጉታል። ጉም መጨበጥ ነው። የተጫዋቹ ፈረሶች ሲደክሙ እነሱ ተመልሰው ይጨርሱታል።

ስለዚህ ዘዴው ፈረስ መሮጫ እንዲያጣ ማድረግ ነው። ለዚህ ከድልድይ የሚበልጥ ቦታ የለም። ጦርህን ወንዝ ማዶ አቁም። ጦር የያዙ እግረኞችን በድልድዩ አፍ ዙሪያ በግማሽ ክብ ደርድር፤ ቀስተኞችን ከኋላ አድርግ። ኮምፒውተሩ ፈረሰኞቹን በጠባቡ መንገድ ላይ ያጭቃቸዋል። በእውነተኛው ታሪክ ግን ድልድይ ሃንጋሪዎችን አላዳናቸውም። በ1241 ሃንጋሪ ውስጥ ሞሂ ላይ ሞንጎሎች ድልድዩን በድንጋይ መወርወሪያ ደበደቡት፤ የጦር አዛዣቸው ሱቡታይ ደግሞ በሌላ በኩል ወንዙን ተሻገረ። የጌሙ ሞንጎል እንደ ሱቡታይ ብልጥ ባለመሆኑ እግዜር ይመስገን።

ወንዝ ከሌለ ምሽግ አለ። ፈረስ ግንብ አይወጣም። ሞንጎሎቹ ከባዱን ሥራ ለጥቂት እግረኞቻቸውና ለመወርወሪያዎቻቸው ይተዋሉ። በተለይ ደርብ ደርብ ግንብ ያለው ትልቅ ምሽግ ጥሩ ነው፤ አንዱ ሲፈርስ ወደ ውስጠኛው ታፈገፍጋለህ። የግንብ ማማዎች ቀስት አያልቅባቸውም። በሩ ቢሰበርም እግረኞችህ መግቢያውን ከያዙ ፈረሰኛው መንቀሳቀሻ ያጣል።

ሜዳ ላይ ከተገናኛችሁ ግን ይከብዳል። እግረኛ ቀስተኛ በአብዛኛው ከፈረሰኛው ቀስተኛ አርቆ ይወጋል፤ ስለዚህ ብዙ ቀስተኛ ያዝ፣ ከፊቱም ጦር ያዢዎችን አቁም። አታሳድድ። እንግሊዝን የሚጫወት ሰው የረጅም ቀስት ወታደሮቹን ሹል እንጨት ማስተከል ይችላል፤ ፈረሰኛ ዘው ብሎ ሲገባበት ያልቃል።

ግብፅን የሚጫወት ደግሞ የራሳቸውን መድኃኒት ይሰጣቸዋል። በ1260 ዓይን ጃሉት ላይ ያኔ ግብፅን ይገዙ የነበሩት ማምሉኮች የሸሹ መስለው የሞንጎሎቹን ጦር ወደ ወጥመድ ሳቡት፤ አዛዡ ኪትቡቃም በዚያው አለቀ። በጌሙም ግብፅ ከፈረስ ላይ የሚወጉ ማምሉክ ቀስተኞች አሏት።

ከሞንጎሎቹ በኋላ ደግሞ ቲሙሪዶች፣ ማለትም የመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ የቲሙር ሰዎች ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ ዝሆን አላቸው። ለዝሆን የእሳት ቀስት ያዝ። የደነገጠ ዝሆን ወዳጅ ጠላት አይለይም፤ የገዛ ጦሩን ይረግጣል።