የቢላ የጫና ፈተና ምንድን ነው?

ወደ ወጨጫ ተራራ ወይም ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለአዳር የሚወጣ ሰው የሚይዘው ቢላ ሽንኩርት ከሚከትፈው ቢላ የከበደ ሥራ ይጠብቀዋል። ማገዶ ይፈልጣል፣ የድንኳን ካስማ ይጠርባል፣ ገመድ ይቆርጣል። ሲጨንቅ ደግሞ የማይገባውን ሥራም ይሠራል፤ የተጣበቀ ነገር ይፈለቀቅበታል። ይህን ሁሉ መቻሉን ከመንገድ በፊት ለማወቅ ቢላውን ሆን ብሎ ማስጨነቅ የጫና ፈተና ይባላል።

በዚህ ፈተና አምናለሁ። ቢላውን እስኪሰበር ድረስ በመዶሻ መቀጥቀጥ ግን ፈተና አይደለም፤ አደገኛም ነው። የደረቀ፣ ማለትም በእሳት የጠነከረ ብረት በሌላ የደረቀ ብረት ሲመታ ስባሪው ወደ ዓይን ሊፈናጠር ይችላል። ፈተናው ጥቅም የሚሰጠው ጉዳትን ማንበብ ለሚችል ሰው ነው። ስለቱ ታጠፈ ወይስ ተሸረፈ? ጀርባው ጎብጦ ቀረ ወይስ ተመለሰ? እያንዳንዱ ምልክት ስለ ብረቱ የተለየ ነገር ይናገራል።

ብረት ውስጥ ሁለት ጠባዮች ይጋፋሉ። አንዱ ድርቀት ነው፤ ደረቅ ብረት በቀላሉ አይጫጫርም፣ ስለቱም ቶሎ አይዶለዱምም። የሚለካው ሮክዌል በሚባል መለኪያ ሲሆን (ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብረቱ ይደርቃል)፣ የጫካ ቢላዎች በአብዛኛው ከ55 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ሌላው ቻይነት ነው፤ ድንገተኛ ምትን ሳይሰነጠቁ መሸከም። ለዚህ ፈረንሳዊው ጆርጅ ቻርፒ በ1901 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የሚወዛወዝ ከባድ መዶሻ ጎኑ ላይ ትንሽ ስርጉድ የተቆረጠበትን የብረት ቁራጭ ይመታል፣ ቁራጩ እስኪሰበር የወሰደው ጉልበትም ይሰላል። በአንድ ዓይነት ብረት ላይ ድርቀቱን በጨመሩ ቁጥር ቻይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል።

በእኛ አገር ይህ ፉክክር ጎልቶ የሚታየው ከመኪና ባሌስትራ በሚሠሩ ቢላዎች ላይ ነው። ባሌስትራ ለቢላ ጥሩ መነሻ ነው። ብዙ ጊዜ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው፣ መታጠፍና መመለስ የለመደ ብረት ነው (ለዓመታት ጭነት የተሸከመ አሮጌ ባሌስትራ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል መምረጥ ያስፈልጋል)። ዕጣውን የሚወስነው ግን እሳቱ ነው። ብረቱ 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ከዚያ ትንሽ አሳልፎ ያግለውና ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። በዚያች ደቂቃ ቢላው እንደ ብርጭቆ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እንደገና በ200 ዲግሪ ገደማ አንድ ሁለት ሰዓት አቆይቶ ማለዘብ ግድ ነው። ይህ ደረጃ የተዘለለበት ቢላ ገበያ ላይ ወረቀት ሲቆርጥ ያስደንቃል፤ ጫካ ገብቶ የመጀመሪያው ጉጥ ላይ ግን ይሸረፋል። ለዚህ ነው ስለትን ብቻ አይቶ መግዛት የሚያሳስበኝ።

እስካሁን ካወቅኋቸው ፈተናዎች በአስተሳሰቡ የሚማርከኝ በ1976 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ቢላ ቀጥቃጮች ማኅበር ለአባላቱ የሙያ ማዕረግ ለመስጠት የሚጠይቀው ነው። አመልካቹ ራሱ በሠራው አንድ ቢላ የተንጠለጠለ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፤ የግንባታ ጣውላ ሁለት ጊዜ ቆርጦ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ያው ስለት ሳይሳል የክንድ ፀጉር መላጨት አለበት። በመጨረሻ ቢላው ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ታስሮ 90 ዲግሪ ይታጠፋል። ለስላሳ ብረት መታጠፉን ቢያልፍ መላጨቱ ላይ ይወድቃል፤ ከልክ በላይ የደረቀው ደግሞ መላጨቱን አልፎ ሞርሳው ላይ ይሰበራል። በአንድ ጠባይ ብቻ ተመክቶ ማለፍ አይቻልም። ያ ቢላ ለፈተና ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ግን የራሳችሁን ቢላ ሞርሳ ላይ አታጥፉት።

ለራስ ቢላ በቂ የሆነው ፈተና ከእንጦጦ እስከ ሰበታ በየመንደሩ በሚሸጥ ማገዶ ይሠራል። ጽድ ቀጥ ብሎ ስለሚፈለጥ ብዙ አይናገርም። የደረቀና ጉጥ ያለበት ባሕር ዛፍ ይሻላል፤ የእንጨቱ ጅማት የተጠላለፈ በመሆኑ ስለቱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ቢላውን እንጨቱ አናት ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በእንጨት ዱላ እየመቱ እንደ ሽብልቅ ማስገባት ነው። ጥቂት ፍልጦች ከወጡ በኋላ ስለቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ያልተጎዳ ስለት አያንጸባርቅም፣ የታጠፈ ወይም የተሸረፈ ቦታ ግን ብልጭ ይላል። የታጠፈ ስለት በመሳያ ድንጋይ ይመለሳል፤ ጫካ ውስጥም ቢሆን ሥራው አይቆምም። የተሸረፈው ግን ብረት ጠፍቶበታል፤ ሽርፋቱ እስኪጠፋ መሞረድ አለበት። ስለዚህ ለአዳር ጉዞ ምርጫዬ ትንሽ ቶሎ ቢደነዝም የሚታጠፈው ነው።

ሽርፋት ሁልጊዜ የብረቱ ጥፋት አይደለም። ከልክ በላይ ቀጥኖ የተሳለ ስለት በጥሩ ብረት ላይም ይሸረፋል፤ ማዕዘኑን ትንሽ አስፍቶ ስሎ እንደገና መሞከር ተገቢ ነው። እጀታውንም መዘንጋት አይገባም። የስለቱ ብረት እስከ እጀታው መጨረሻ ቢዘልቅ ይመረጣል፤ ወደ እጀታው የሚገባበት ጥግ ሹል ሆኖ ከተቆረጠ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ፈተናውን ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ማድረግ ጥሩ ነው። ስለቱ ቢሸረፍ ለማስሞረድ፣ እጀታው ቢነቃነቅ ለማስጠበቅ፣ ጭራሹን ቢሰበርም ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራል።