የኦዲት ግኝት ምንድን ነው?

«መሥሪያ ቤቱ የኦዲት ግኝት አለበት» ሲባል ብዙ ሰው «ገንዘብ ተበላ» ብሎ ይረዳዋል። ግኝት የወንጀል ፍርድ አይደለም። በሕግና በመመሪያ መሆን በነበረበትና በተግባር በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት ኦዲተሩ በማስረጃ አስደግፎ ሲጽፈው ግኝት ይባላል። የጎደለ ንብረት ግኝት ነው፤ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዥም እንዲሁ።

ከጎንደር አንድ ምሳሌ እናንሳ። እንበልና ማራኪ አካባቢ ላሉ ትምህርት ቤቶች 200 ዴስክ ተገዛ። ዕቃው መጋዘን ሲገባ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 የተባለውን የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሲወጣ ደግሞ በሞዴል 20 ተጠይቆ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል። ኦዲተሩ የሞዴል 22 ወረቀቶችን ሲደምር 150 ያገኛል፤ ስለዚህ መጋዘን ውስጥ 50 ዴስክ መኖር አለበት። ገብቶ ሲቆጥር 33 ብቻ ነው ያለው። የአንዱ ዋጋ 4,500 ብር ቢሆን፣ የ17ቱ 76,500 ብር ይሆናል።

ይህን ይዞ «ተሰርቋል» ብሎ አይጽፍም። ንብረት ክፍሉን ይጠይቃል። «በቃል ትእዛዝ አዘዞ ላለ ትምህርት ቤት ሰጥተናል» ከተባለ፣ እዚያው ሄዶ ይቆጥራል። ዴስኮቹ ካሉ ግኝቱ ያለ ወጪ ሰነድ ንብረት ማስተላለፍ ይሆናል፤ ከሌሉ ጉድለት ነው፣ ንብረቱን መጋዘን የተረከበው ሠራተኛም ይጠየቅበታል። ምርመራው ሊያበቃ ሲል ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ሞዴል 22 ከቀረበ ደግሞ የጥራዙን ተከታታይ ቁጥር ማየት ይበቃል። በጥቅምት ተቆረጠ የተባለው ወረቀት ቁጥሩ በሰኔ ከተቆረጡት መሐል ከሆነ፣ ቀኑ ኋላ የተጻፈ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው።

በደንብ የተጻፈ ግኝት መስፈርቱን፣ የተገኘውን ሁኔታ፣ ምክንያቱን፣ ያስከተለውን ጉዳትና የማሻሻያ ሐሳቡን ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚላላው ምክንያቱ ነው። «የቁጥጥር መላላት» የሚል ቃል ማንንም አይነካም። የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ ነበር? የዓመቱ ቆጠራ ለምን ቀረ? እነዚህ ካልተጻፉ ያው ጉድለት በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል።

በጥሬ ገንዘብ በኩል ተደጋግሞ የሚታየው ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው። ለመስክ ሥራ ቅድመ ክፍያ የወሰደ ሠራተኛ ወጪውን በሰነድ ሳያወራርድ ይዛወራል፣ ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስም ይሰጠዋል፤ ገንዘቡ ግን ከዓመት ዓመት በእሱ ስም ይንከባለላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ በጀቱ እንዳይመለስ ተብሎ በጥድፊያ የሚገዛውም ሌላ የግኝት ምንጭ ነው።

ግኝቱ ለማን እንደሚቀርብ ማወቅም ያስፈልጋል። የከተማ አስተዳደሩ መሥሪያ ቤቶች ሂሳብ በክልሉ ዋና ኦዲተር ሥር ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግን የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የሚመረምረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር ነው፤ እሱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው በጅሮንድ ተጠሪነቱ ለንጉሡ ነበር። ዛሬ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። የውስጥ ኦዲተር ግን የሚሠራው በዚያው በሚመረምረው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከኃላፊው ጋር ነው። የውስጥ ኦዲት ብቻውን የማይበቃው በዚህ ነው።

ኦዲተር አያስርም፣ ገንዘብም አያስመልስም። ያ የኃላፊው፣ የምክር ቤቱና የፍትሕ አካላት ሥራ ነው። ስለዚህ የምክር ቤት ተመራጭ የዘንድሮውን ሪፖርት ሲይዝ መጀመሪያ ማየት ያለበት ያለፈው ዓመት ግኝቶች ምን ላይ እንደደረሱ ነው። «እርምጃ እየተወሰደ ነው» የሚል መልስ ሲሰጠው ሰነዱን ይጠይቅ፦ ገንዘብ ከሆነ የገቢ ደረሰኙን ከነቁጥሩ፣ ዴስክ ከሆነ የተመለሰበትን ሞዴል 19።